ቤታችንን ከብርድ ለመጠበቅ፦ በራሳችን እጅ ወይስ በባለሙያ?

ቤት ሠርቶ መግባት አንድ ነገር ነው፤ በገቡበት ቤት ሳይንቀጠቀጡ ማደር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችን የምንጨነቀው ለመጀመሪያው ነው። ዕቁብ እንጥላለን፣ ከብት እንሸጣለን፣ ከዘመድ እንበደራለን። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ግን ሥራው ያለቀ ይመስለናል፤ ብርዱን የምናስታውሰው ጥቅምት ሲገባ ነው። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ቤተሰባችን ብዙ የተከራከረበትን አንድ ጥያቄ እናካፍላችኋለን። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ቤታችን ብርድ እንዳያስገባ የሚያደርገውን ሥራ እኛው እንሥራው ወይስ ለባለሙያ እንስጠው?

የምንኖረው በምሥራቅ ጎጃም በሮብ ገበያ ነው። ለሚስማሩም ለጣውላውም ወይ ወደ ቢቸና ወይ ወደ ሞጣ እንሄዳለን። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። እንደሚታወቀው፣ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጮቄ ተራራ ወገን የሚመጣው ነፋስ ሲታከልበት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሌሊት ምን እንደሚመስል የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

ቤታችን እንደ አብዛኛው የአካባቢው ቤት ግድግዳው የባሕር ዛፍ እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ስፋቱም 6 በ8 ሜትር ነው። ኮርኒስ አልነበረውም። በግድግዳውና በክዳኑ መካከል አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ዙሪያውን ይታይ ነበር። ልጆች ተሸፋፍነው ይተኛሉ፣ አዋቂው ጋቢ ይደርባል፣ እንዲሁ ዓመታት አለፉ። ነገሩ የተለወጠው አያታችን ከገጠር መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ በኋላ ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት በሣር ክዳን ቤት ነበር። ከመጡ ሳምንት ሳይሞላቸው፣ «ልጆቼ፣ ቤታችሁ ቀን ምጣድ ነው፤ ሌሊት ደግሞ በረዶ ነው» አሉን።

በዚያው ዓመት በቤቱ ውስጥ ሕፃን ነበረች። ሳል ጸንቶባት ጤና ጣቢያ ወሰድናትና መድኃኒቱ ከተሰጠን በኋላ፣ «ከብርድ ጠብቋት፤ ከጭስም ጠብቋት» ተባልን። ምክሩን ይዘን ቤት ስንገባ ግን ሁለቱ ነገሮች ተጣሉብን። ብርድን ለመከላከል ቤት ይዘጋል፤ ጭስን ለማስወጣት ቤት ይከፈታል። ታዲያ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ቤቱ ለምን እንደሚቀዘቅዝ መረዳት አስፈለገን። ብረት ሙቀትን በፍጥነት ያስተላልፋል። መሐንዲሶች የየዕቃውን ሙቀት አስተላላፊነት በቁጥር ይገልጹታል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዕቃው ብርድን ይከላከላል ማለት ነው። ቆርቆሮ የሚሠራበት ብረት 50 ገደማ ሲሆን፣ ጭድ ከ0.05 እስከ 0.07፣ ሳይንቀሳቀስ የቆመ አየር ደግሞ 0.025 ገደማ ነው። እንግዲህ ጸጥ ያለ አየር ከብረት 2000 ጊዜ ያህል የተሻለ የብርድ ጋሻ ነው። የሣር ክዳን ምስጢርም ይኸው ነው። ሙቀቱን የሚይዘው በሣሩ መካከል ታፍኖ የተቀመጠው አየር ነው። ጋቢም የሚያሞቀን በዚሁ መንገድ ነው።

ቆርቆሮ ሌላም ጠባይ አለው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ከሰው ትንፋሽና ከድስት እንፋሎት የወጣው እርጥበት ከሥሩ ይጠራቀምና ንጋት ላይ በአልጋው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ልጆቻችን «ቤቱ ላበው» ይሉ ነበር።

መፍትሔው ታወቀ፤ ኮርኒስ መምታት፣ ግድግዳውን ጭድ በበዛበት ጭቃ እንደገና መምረግ፣ በበርና በመስኮት ዙሪያ ያለውን ስንጥቅ መድፈን። ክርክሩ የመጣው «ማን ይሥራው?» በሚለው ላይ ነው። በቤቱ ሁለት ወገን ሆንን።

ወጣቶቹ፣ «እኛ እያለን ለምን ገንዘብ ይወጣል? ጭቃ ማቡካት ምን ጥበብ አለው? ጣውላ በሚስማር መምታትስ?» አሉ። የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አልነበረም። የዕቃ ዋጋ በየጊዜው እየናረ ባለበት ጊዜ የእጅ ዋጋ መቆጠብ ማለት ለአንድ ክፍል የሚበቃ ዕቃ መግዛት ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ሰው በገዛ ቤቱ ላይ ሲሠራ አይቸኩልም፤ ስንጥቅ አይቶ አያልፍም።

ትልልቆቹ ደግሞ፣ «የእናንተ ጉልበት በነጻ የሚገኝ አይምሰላችሁ» አሉ። ተማሪው ከትምህርቱ፣ ነጋዴው ከገበያው የሚጎድልበት ቀን ሁሉ ዋጋ አለው። ባለሙያ በአሥር ቀን የሚጨርሰውን እኛ በየቅዳሜው እየነካካን ሁለት ወር ብንፈጅ፣ ብርዱ ከእኛ ቀድሞ ይገባል። ከመሰላል የወደቀ ሰው ደግሞ ያተረፈውን የእጅ ዋጋ ለሕክምና ይከፍለዋል።

በዚህ መካከል አንድ ተቋራጭ አስጠራን። መጥቶ በሜትር ለካ፤ ሥራውን በጥቅል ወስዶ በአሥር ቀን ሊያስረክብ፣ ግማሹም ገንዘብ በቀብድ እንዲከፈለው ጠየቀ። ኮርኒሱንም ግድግዳውንም እንደሚሠራ፣ ያን አራት ጣት ክፍተትም ዙሪያውን ድርግም አድርጎ በሲሚንቶ እንደሚደፍነው ነገረን። «ነፋስ የሚባል ነገር አይገባባችሁም» አለ። አያታችን ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «የኔ ልጅ፣ ነፋሱ ካልገባ ጭሱ በየት ይወጣል?» ብለው ጠየቁት። «እናቴ፣ እሱ እንኳን የባለቤቱ ጉዳይ ነው» ብሎ መለሰ።

ይህ መልስ ብዙ አሳሰበን። ሰውየው ሥራውን አይችልም ለማለት አይደለም። እሱ የተጠየቀው ነፋስ እንዲዘጋ ነው፤ እንዘጋለታለሁ አለ። በቤቱ ውስጥ ማን እንደሚተኛ፣ እሳት የት እንደሚነድ፣ ቡና የት እንደሚፈላ የምናውቀው ግን እኛ ነን። ይህን እውቀት ማንም በቀብድ አይገዛውም።

እዚህ ላይ አንባቢያን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ መልክ የለውም። ወደ ሳንባ ከገባ በኋላ በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ተኝቶም ላይነቃ ይችላል። ቀዳዳ የበዛበት ቤት ይበርዳል እንጂ ይህን ጋዝ ያስወጣ ነበር። ስለዚህ ቤቱን በደንብ የዘጋ ሰው የእሳቱንም ነገር አብሮ መለወጥ አለበት። ይህን ሳያስቡ ቤት መድፈን ብርድን አባርሮ ሞትን ማስገባት ሊሆን ይችላል፤ አላህ ይጠብቀን።

ሌላው አደጋ መብራት ነው። በቤታችን የመብራቱ ገመድ በወራጁ ላይ እንዲሁ ተንጠልጥሎ የተዘረጋ ነበር። ኮርኒስ ሲመታ ይህ ገመድ ከዓይን ይሰወራል። በ220 ቮልት የሚሠራ ገመድ በማይታይበት ቦታ ቢላላጥ የሚያደርሰው ጉዳት ግልጽ ነው። በዚህ ረገድ ከባሕር ማዶ የተገኘ ትምህርት አለ። የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 የዜጎቹ ቤቶች ጣሪያ ሙቀት መያዣ እንዲለብስ ወጪውን ሸፍኖ ሰፊ ፕሮግራም ጀመረ። በገንዘቡ የተሳቡ አዳዲስ ተቋራጮች በብዛት ወደ ሥራው ገቡ። አራት ወጣት ሠራተኞች ሞቱ፤ ሦስቱ በኤሌክትሪክ ተይዘው፣ አንዱ ደግሞ በጣሪያው ሥር በነበረው ሐሩር ምክንያት። ፕሮግራሙም በ2010 ተቋረጠ። በበለጸገው አገር እንኳ ተቋራጭ መባል ብቻውን ባለሙያ አላደረገም። እንግዲህ «በሰው እናሠራው» ማለት «በሚያውቅ ሰው እናሠራው» ማለት ካልሆነ ትርጉም የለውም።

በመሆኑም ሥራውን በጥቅል ለአንድ ሰው መስጠቱንም፣ በጥቅል እኛው መሥራቱንም ትተን በየዓይነቱ ከፋፈልነው። የተስማማንበት መለኪያ ይህ ነው፦ ከተሠራ በኋላ የምናየውን፣ ቢበላሽም ነገ አፍርሰን የምንጠግነውን እኛ እንሥራ፤ ከተሸፈነ በኋላ የማናየውን፣ ቢበላሽ ደግሞ ሰው የሚጎዳውን ለባለሙያ እንስጥ። ግድግዳና የበር ስንጥቅ ለእኛ ደረሰ። መብራቱ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ኮርኒሱ ለአናጢ ተሰጠ።

የኮርኒሱ ነገር ባለሙያ ምን እንደሚጠቅም አሳየን። የወለሉ ስፋት 48 ካሬ ሜትር ነው። አንድ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ችፑድ ሦስት ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን 16 ወይም 17 ይበቃል ብለን አስበን ነበር። አናጢው ክፍሎቹን ለክቶ፣ ሞራሌው የሚያርፍበትን ቦታ አስልቶ፣ የሚቆረጠው ስለሚበዛ 18 እንድንገዛ ነገረን። ወጣቶቹ ከኮርኒሱ በላይ አሥር ሳንቲሜትር ጭድ እንዲነጠፍ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ የሣር ክዳኑን ሙቀት ለመመለስ ነው። አብረን አሰላነው። 48 ካሬ ሜትር በአሥር ሳንቲሜትር 4.8 ሜትር ኩብ ጭድ ይሆናል። ልል ጭድ በሜትር ኩብ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ቢመዝን፣ በራሳችን ላይ የሚንጠለጠለው ከ240 እስከ 480 ኪሎ ነው። አናጢው «ይህን የሚሸከም እንጨት አልተሰላም፤ ደግሞ አይጥ ይራባበታል፣ ከገመድ አጠገብ ጭድ አልወድም» አለ። ሐሳቡን ተውነው። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚቆመው አየር ራሱ እንደሚጠቅመን አስረዳን። ያ አራት ጣት ክፍተትም ተዘጋ፤ ነገር ግን እርጥበቱ እንዲደርቅ በሁለቱ ጫፍ የወንፊት ሽቦ ያላቸው ትናንሽ መተንፈሻዎች ቀሩለት። ለምንኖርባቸው ክፍሎች ደግሞ ከኮርኒሱ በታች፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ ግድግዳዎች ላይ መተንፈሻ ተከፈተ። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ከአናጢው አስቀድሞ ገብቶ ገመዱን ሁሉ በቱቦ ውስጥ አስገብቶ ነበር።

ከሁለቱም ባለሙያዎች ጋር የተስማማነው በጽሑፍ ነው። አንዳንድ ዘመዶቻችን «በአንድ ሰፈር እየኖራችሁ ውል መጻፍ አለመተማመን ነው» አሉን። ይሁን እንጂ በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ በጊዜ የተወሰነ ዕዳ እንዲጻፍና እንዲመሰከርበት መታዘዙን እያነበብን በሥራ ውል ላይ እንዴት እናፍራለን? ወረቀቱ አንድ ገጽ አልሞላም። ምን እንደሚሠራ፣ ዕቃውን ማን እንደሚያቀርብ፣ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ክፍያው በሦስት እንደሚከፈል፣ በመጀመሪያው ዝናብ ጉድለት ቢታይ ማን እንደሚጠግን ተጻፈ። ሁለት ሰዎች መሰከሩ። በእኛ በኩል ያለው ግዴታም ይኸው ነው፤ የሠራተኛ ደሞዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል የታዘዝን ሰዎች ነንና የመጨረሻውን ክፍያ በተረከብንበት ቀን ሰጠን። «ሳምንት ተመለስ» እየተባለ የሚመላለስ ሠራተኛ ለሚቀጥለው ቤት በልቡ ቂም ይዞ ይሠራል።

ግድግዳውን በደቦ ሠራነው። ዙሪያው 28 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር ነው፤ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 64 ካሬ ሜትር ያህል ይቀራል። ሦስት ሳንቲሜትር ለመምረግ ወደ ሁለት ሜትር ኩብ ጭቃ ያስፈልጋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ይህ ለአንድ ቤተሰብ ከባድ፣ ለጎረቤት ሁሉ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቀኑን መምረጥ ግን ቀላል አልነበረም። ሮብ ገበያ ነው፤ ዓርብ ጁምዓ ነው፤ እሑድና የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በዓላት አሉ። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ተገኘ። ሥጋ ስለማንጋራ ወጡ ሽሮና ድንች ሆነ፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ በላ።

የደቦው ባለሙያ አያታችን ነበሩ። ጭቃው አስቀድሞ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በየጊዜው እየተረገጠ እንዲሰነብት ያዘዙት እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያ ከጓሮ በኩል ክንድ የሚያህል ቦታ አስመርገው እስኪደርቅ ጠበቁ። ተሰነጠቀ። «አፈሩ ይጎትታል፤ ጭድ ይጨመር» አሉ። እንደገና ተሞከረ፤ አልተሰነጠቀም። ወጣቶቹ «ጭቃ ማቡካት ምን ጥበብ አለው?» ያሉትን ያን ጊዜ ዋጡት። ሴቶቹ ደግሞ ምርጊቱ ከደረቀ በኋላ በእበት ለቀለቁት። ለካ ለባለሙያ ገንዘብ ለማውጣት ስንከራከር አንድ ባለሙያ በጋቢ ተጠቅልለው በቤታችን ጥግ ተቀምጠው ኖሯል።

የጭቃን ሥራ የሚንቁ ወጣቶች ካሉ ይህን ይወቁ። በአዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ የሥነ ሕንጻ፣ የሕንጻ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ፣ ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2010 በተጀመረ ሥራ፣ ባለ ፎቅ የመኖሪያ ቤት ናሙና በአብዛኛው ከአፈር ተሠርቷል። ዓላማው በአገር ውስጥ በሚገኝ ዕቃ አነስተኛ ገቢ ላለው ሰው የሚሆን ቤት ለማሳየት ነበር። አያቶቻችን በእጃቸው የያዙትን እውቀት የተማሩት ሰዎች በቤተ ሙከራ እየፈተኑት ነው።

አሁን ቤታችን እንዴት ነው? አልሐምዱሊላህ፣ ቆርቆሮው ቢያልበውም አልጋችን ላይ አይንጠባጠብም። ዝናብ ሲዘንብ እርስ በርስ ለመሰማማት መጮህ ቀርቷል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ጋቢው ግን አንድ ይበቃል። የቀረን ነገርም አለ፤ የወለሉ ብርድ አልተነካም፣ ለእሱ አቅም ሲገኝ ኢንሻአላህ ይታሰባል።

ከሁሉ የከበደን የከሰሉ ጉዳይ ነበር። ምግብ በማድ ቤት ብቻ እንዲበስል፣ ሰው በተኛበት ክፍል ከሰል እንዳይገባ ወሰንን። አያታችን አልወደዱትም፤ «ፍም የሌለበት ቤት ምኑ ቤት ነው?» አሉ። ቡናውን ከሰው ፊት ማንሳት ለእሳቸው ቤቱን ባዶ ማድረግ ነው። ተነጋግረን፣ ቡና በቀን፣ በርና መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንዲፈላ፣ ሲያበቃም ፍሙ ወዲያው ከቤት እንዲወጣ ተስማማን። መተንፈሻው አለ ተብሎ እንኳ ከሰል አያድርም። ፍሙን የማውጣቱን ሥራ የወሰዱት ራሳቸው አያታችን ናቸው። ሕፃኗን አዝለው በር ላይ ቆመው፣ «አውጡት፤ ይቺ ልጅ ልትተኛ ነው» ይላሉ።

ቤታችሁን ለማሞቅ ያሰባችሁ ቤተሰቦች፣ «ራሴ ልሥራ ወይስ ላሠራ?» ከማለታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ሥራውን ከፋፍሉት። የትኛው ነው ነገ ሊታረም የሚችለው? የትኛው ነው ከተሸፈነ በኋላ የማይታየው? ስትዘጉት ጭሱ በየት ይወጣል? በቤታችሁ፣ በጎረቤታችሁስ የሚያውቅ ሰው የለም ወይ? ሠራተኛ ስትቀጥሩ በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ደሞዙን በቀኑ ክፈሉ። ሥራው የሚጀመርበት ጊዜ ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ፣ ብርዱ ሳይጠና፣ ጭቃው ፀሐይ አግኝቶ በሚደርቅበት ሰሞን ይሁን። በጥር ሌሊት የሚጀመር ምርጊት አይደርቅም።